የበዓለ ሃምሳ ጾም

ፋሲካ ካለፈ በኋላ ጉልበቴ ደረጃ መውጣት እምቢ አለኝ። እምቢታው እንኳ ጨዋነት ነበረው፤ ቀስ ብሎ፣ እንደሚያዝንልኝ ሁሉ፣ ሁለተኛው ፎቅ ላይ ቀጥ ያደርገኛል። የምሠራው መቐለ፣ ዓዲ ሓቂ ባለው የዩኒቨርሲቲ ግቢ፣ ቤተ መጻሕፍት ውስጥ ነው። መጻሕፍት ተሸክሜ ስመላለስበት የኖርኩትን ደረጃ ግድግዳ ተደግፌ ስወጣ ተማሪዎቹ ያዩኝ ጀመር። አንዷ "ልያዝልዎት አባባ?" ስትለኝ ሐኪም ቤት ለመሄድ ወሰንኩ። ሕመሙንስ ለምጄው ነበር፤ ያላስቻለኝ "አባባ" መባሉ ነው።

ቤታችን ሰሜን ክፍለ ከተማ ነው፤ ክሊኒኩም ከቤት ብዙ አይርቅም። ሐኪሙ ወጣት ነው፤ ዓይኖቹ ግን የእኔን ያህል ደክመዋል። ሚዛን ላይ አቆመኝ፣ ግፊቴን ለካ፣ ደሜን አስመረመረ፣ ሆዴን ጫን ጫን አደረገና "ጉበትዎ ላይ ስብ አለ፤ ግፊቱም እየመጣ ነው። ጉልበትዎን የሚያምዎት የሚሸከመው ስለበዛበት ነው" አለኝ። መፍትሔውን ሲናገር ድምፁ ውስጥ ብዙ ተስፋ አልነበረም። "እንጀራውንና ዳቦውን ቀነስ ያድርጉ። በእግር ይሂዱ። ቀስ በቀስ ክብደት ይቀንሱ።"

ሳቄ መጣ። ሐኪሙ አልተቆጣም። "ዶክተር፣ ይህን ሥጋ እኮ በስንት መከራ ነው ያገኘሁት" አልኩት።

"አውቃለሁ፤ እኔም እዚሁ ነበርኩ" አለኝ።

"እዚሁ ነበርኩ" የሚለው ቃል መቐለ ውስጥ ማብራሪያ አያስፈልገውም። እኔ የወሎ ሰው ነኝ፤ በሥራ መጥቼ አግብቼ ቀረሁ። በጦርነቱ ከተማዋ ተከብባ መንገዱም ባንኩም ስልኩም ሲዘጋ ከባለቤቴ፣ ከልጃችንና ከአማቴ ጋር አብሬ ተዘጋሁ። ያኔ ቀበቶዬ ላይ በምስማር ተጨማሪ ቀዳዳ በስቼ ነበር። ከበባው አልፎ መንገዱ ሲከፈት፣ ደመወዝ ሲገባ፣ ገበያው ሲሞላ መብላት ጀመርኩ፤ ማቆም ግን አቃተኝ። ሰሃን ላይ ፍርፋሪ ማስተረፍ አልችልም። ልጄ የተወችውን እበላለሁ፣ ባለቤቴ ለማታ ያስቀመጠችውን እበላለሁ፣ ጠግቤም እበላለሁ። መንገድ ላይ የሚያገኙኝ ሰዎች ደግሞ "ተመስገን! ሰው መሰልክ!" ይሉኛል። እዚህ ከተማ ወፍሮ መታየት ደህና ነኝ ብሎ ከማወጅ አይለይም። በዚህ ሁሉ ላይ ፋሲካ መጣ። ሁዳዴን ሙሉ ከሥጋና ከቅቤ ርቄ ያጠራቀምኩትን ትሩፋት፣ በአንድ ሳምንት ከነምርቃቱ መልሼ በላሁት።

ከሐኪሙ የወጣሁ ሰሞን አንድ የሥራ ባልደረባዬ ዓይኔ ውስጥ ገባ። ከደቡብ የመጣ ወጣት መምህር ነው፤ ዓዲ ሓቂ ቤት ተከራይቶ ብቻውን ይኖራል። ባለፈው ዓመት ሲቀመጥ ሆዱ ጭኑ ላይ የሚያርፍ ሰው ነበር፤ አሁን ሸሚዙን ሱሪው ውስጥ ከቶ ይሄዳል። ሻይ ስንጠጣ ምን እንዳደረገ ጠየቅኩት።

"ቁርስ ትቼ ነው" አለኝ። ስልኩን አውጥቶ ክብ ነገር አሳየኝ፤ ክቡ ሰዓት ይቆጥራል። ማታ ሁለት ሰዓት ላይ አፉን ይዘጋል፣ በማግስቱ ቀን ስድስት ሰዓት ላይ ይከፍታል። በመካከሉ ውኃና ስኳር የሌለው ሻይ ብቻ ነው።

"ይኼማ ጾም ነው" አልኩት።

"ጾም አይደለም ጋሼ፤ ፕሮግራም ነው። ሥጋውንም ወተቱንም ትበላለህ፤ ሰዓቱን ብቻ ትጠብቃለህ።"

ነገሩ ደስ አለኝ። ሐኪሙ ያዘዘኝ እየቀነሱ መብላት ነው፤ እሱ ደግሞ ያታክታል። በየጉርሻው ራስን መዳኘት አለ፤ ይህን ልተው፣ ያንን ልቀንስ፣ ይኼ ይበቃኛል። ጨርሶ አለመብላት ግን አውቃለሁ። የምስክር ወረቀት ባይሰጡኝም ሠልጥኛለሁ። ሲሉ ሰምታ ዶሮ ታንቃ ሞተች የሚሉት ተረት በዚያ ሰዓት ትዝ አላለኝም። ስልኬ ላይ ክቡን አስጭኜ ወደ ቤቴ ሄድኩ።

እዚህ ላይ ስለ አማቴ መናገር አለብኝ፤ ነገሩ ሁሉ የሚያያዘው ከእሳቸው ጋር ነው። አማቴ የመቐለ ሰው ናቸው፤ አማርኛቸውን ግን የተማሩት ደሴ ነው። ባለቤታቸው በአሰብ መስመር የጭነት መኪና ይነዱ ነበርና ወጣትነታቸውን ደሴ አሳልፈዋል። ልጃቸውን ለመጠየቅ ሽማግሌ ስልክ መጀመሪያ የጠየቁት "ከደሴ በየት በኩል ነው?" ብለው ነው። ሲነገራቸው ሳቁ፤ ጉዳዩ በዚያው አለቀ። እኔን "ወደይ" ይሉኛል፣ ልጄ ማለት ነው። እኔም እንደ ቤቱ ልጆች "ኣደይ"፣ እናቴ፣ እላቸዋለሁ። ባላቸው ከሞቱ በኋላ ከእኛ ጋር መኖር ጀመሩ።

አማቴ ጾመኛ ናቸው። አጽዋማቱን ሁሉ መጾም የሁሉም ነው፤ እሳቸው ግን ግዴታ ያልሆነውንም ይጨምራሉ። በከበባው ጊዜ ደግሞ በጣም በረታባቸው። ጽጌን ጾሙ፣ የንስሐ አባታቸው የሰጧቸውን ቀኖና ጾሙ፣ ስለ ሰላም ብለው ሱባኤ ያዙ። ገበታ ሲቀርብ "እኔ ጾም ነኝ፣ እናንተ ብሉ" ብለው ነጠላቸውን ይከናነቡና ከቤት ወጥተው ደጃፉ ላይ ይቀመጣሉ። ጎረቤቶቻችን "ይህ ቤት የቆመው በአማትህ ጾም ነው" ይሉኝ ነበር። እኔም ልክ ናቸው እል ነበር።

ሌላም ጠባይ አላቸው። የቤቱ ወንድ ሳይቀምስ እጃቸውን ሰሃን ውስጥ አይከቱም። በዚህ ስንት ዓመት ተከራክረናል። "ኣደይ፣ እርስዎ መድኃኒት ይውጣሉ፣ ቀድመው ይብሉ" እላቸዋለሁ፤ የስኳር ሕመም አለባቸውና ጠዋት ጠዋት ኪኒን ይውጣሉ። "ሕራይ ወደይ" ይላሉ፤ እሺ ማለታቸው ነው፤ ከዚያ ሰሃኑን ወደ እኔ ገፍተው ይጠብቃሉ። እሺ ብለው ከማይፈጽሙ ሰው ጋር ክርክር አይቻልም። ስለዚህ ቶሎ አንድ ጉርሻ እጎርሳለሁ፣ እሳቸውም ይከተላሉ። ባለቤቴ አስተማሪ ናት፤ ከልጃችን ጋር በማለዳ ምሳቸውን ቋጥረው ይወጣሉ። ጠዋት ገበታው ላይ የምንቀረው እኔና አማቴ ነን።

ፕሮግራሙን የጀመርኩ ዕለት ጠዋት፣ አማቴ እንቁላል ፍርፍር ቅቤ ነክቶ አቀረቡ። በዓለ ሃምሳ ነው፤ ከፋሲካ በኋላ ባሉት ሃምሳ ቀናት ረቡዕና ዓርብ እንኳ አይጾምም። እነዚያን ቀናት የሚጾም ክርስቲያን የለም፤ መጾሙም አይፈቀድም። ይህን ማንም ያውቃል፣ እኔም አውቃለሁ። ግን ስለ ክቡና ስለ ሰዓቱ በጠዋት ማስረዳት ደከመኝና ቀላሉን ቃል አነሣሁ።

"ኣደይ፣ እኔ አልበላም። ጾም ነኝ።"

እጃቸው ሰሃኑ ላይ ቀረ። "ጾም? በሃምሳው? ዋይ ኣነ!"

"የቤተ ክርስቲያን አይደለም። የሐኪም ነው። ክብደት ለመቀነስ። እስከ ስድስት ሰዓት አልበላም።"

ለረጅም ጊዜ አዩኝ። መጀመሪያ ሆዴን፣ ቀጥሎ ፊቴን። "ሕራይ ወደይ" አሉና ሰሃኑን አንሥተው ወደ ጓዳ ገቡ። በሃይማኖት ቀለድኩ ብለው የተቀየሙኝ መሰለኝ። ማታ እክሳቸዋለሁ ብዬ ጫማዬን አጥልቄ ወጣሁ፤ ማታ ረሳሁት።

ስለ ፕሮግራሙ እውነቱን ልናገር። ለባልደረባዬ ሠርቷል፤ አልክድም። እሱ ስድስት ሰዓት ሲሆን አንድ ሰሃን ምስርና ሰላጣ በልቶ አፉን ጠርጎ ይነሣል። እኔ ግን ረፋዱን የምውልበትን ላሳይ። ራሴን ያመኛል። ተማሪ መጽሐፍ ቀኑን አሳልፎ ሲመልስልኝ የአባቴን ቤት ያቃጠለብኝ ያህል እቆጣለሁ። ከግቢው ማዶ ያለው ካፌ ውስጥ ፉል ሲሠራ የሽንኩርቱ ሽታ በመስኮት ይገባል፤ እኔ መጽሐፍ ላይ ቁጥር እየጻፍኩ የማየው ግን የፉሉን ሰሃን ነው። ይህ ሁሉ ቀላሉ ነው። ከባዱ ሌላ ነበር። ሆዴ ባዶ ሲሆን ያ ጊዜ ይመለሳል። መደርደሪያዎቹ መሀል ቆሜ፣ በሰላም አገር፣ ኪሴ ውስጥ ገንዘብ እያለ፣ ማታ ልጄ ምን ትበላ ይሆን የሚል ፍርሃት ይይዘኛል። ስልኬ ላይ ያለው ክብ ሰዓት ያውቃል፤ ሆዴ ግን የሚያውቀው ከበባን ነው።

ከዚያ ስድስት ሰዓት ይሆናል። ካፌው ውስጥ የምቀመጠው ሰው እኔ አይደለሁም። ፉሉን ከነዳቦው እጨርሳለሁ፣ ሌላ ዳቦ አዛለሁ፣ ቤት ስመለስ ደግሞ እንደ አዲስ እጀምራለሁ። የመጀመሪያ ሰሞን ሱሪዬ ሰፋ ብሎኝ ደስ ብሎኝ ነበር፤ ብዙም ሳይቆይ ሚዛኑ ባለበት ቆመ። ፊቴ ብቻ ከሳ። ሰፈር ውስጥ የሚያውቁኝ እናቶች "ደሓን ዲኻ? ምነው ጠቆርክ?" እያሉ ይጠይቁኝ ጀመር። ደህና ነኝ ስላቸው ራሳቸውን ይነቀንቃሉ። እዚህ አገር ሰው ወድዶ ይከሳል ብሎ የሚያምን የለም።

አማቴም ይጠይቁኝ ነበር፤ የእሳቸው ጥያቄ ግን ሌላ ነበር።

"ወደይ፣ ደመወዝ ገባ?"

"ገብቷል ኣደይ።"

ሌላ ቀን፣ እግሬን ስታጠብ፣ "መንገዱስ? መኪና ይገባል?"

"ይገባል። ምነው?"

"ምንም። እንዲያው ነው።"

መቐለ ውስጥ ወሬ ጠፍቶ አያውቅም። ዛሬ ይዘጋል፣ ነገ ይጀመራል የሚል ሰው ሁልጊዜ አለ፤ አንዳንዴ ባንክ በር ላይ ሰልፉ ረዘም ሲል ሁላችንም ዞር እያልን እናያለን። ስለዚህ ጥያቄያቸው አልገረመኝም። ከሥራ ስመለስ ርቦኝና ደክሞኝ ስለነበር በአጭሩ እየመለስኩ አልፋለሁ። ማታ ማታ ከሰሃናቸው ግማሹን ወደ ልጃችን ሲገፉም አያለሁ፤ አያት አይደሉ፣ ድሮም ያደርጉታል። አንድ ማታ ባለቤቴ "እማዬ ከሳችብኝ" አለችኝ። "ዕድሜ ነው" አልኳት። የጠገበ የተራበ ያለ አይመስለውም ይባላል። እኔ ግን የተራብኩ ሆኜ ነው ያላየሁት፤ የራሴ ረኃብ ይጮህብኝ ነበር።

አንድ ጠዋት የጫማዬን ክር እያሰርኩ ሳለ ጓሮ ውስጥ ብርጭቆ ሲሰበር ሰማሁ። ወጣሁ። አማቴ ከውኃ ማጠራቀሚያው ሮቶ ሥር መሬት ላይ ተቀምጠዋል። ግንባራቸው ላብ ብቻ ነው፤ እጃቸው ይንቀጠቀጣል። "ኣደይ! ምን ሆኑ?" ስላቸው ቀና ብለው አዩኝና በሟቹ ባለቤታቸው ስም ጠሩኝ። "መኪናውን አጥፋው፣ ልጆቹ ተኝተዋል" አሉኝ። በሕይወቴ ብዙ ፈርቻለሁ፤ እንደዚያ ጠዋት የፈራሁበት ግን ትንሽ ነው። አቅፌ አነሣኋቸው። ቀላል ነበሩ። እንዲያ ቀላል መሆን አልነበረባቸውም። ያ የታመመ ጉልበቴ እስከ ባጃጁ ድረስ ትንፍሽ አላለም።

ክሊኒክ ስንደርስ ነርሷ ጣታቸውን ወግታ መሣሪያውን አየችና ሐኪሙን ጠራች። ያው እኔን የመዘነኝ ሐኪም ነው። "ስኳራቸው ወርዷል፤ በጣም ወርዷል" አለ። ጉሉኮስ በደም ሥር ሰጧቸው። ትንሽ ቆይተው ዓይናቸው ጠራ፤ አወቁኝም። የፈረሰ ነጠላቸውን በአንድ እጃቸው ሊያስተካክሉ ሞከሩ።

"እናቴ፣ ቁርስ በልተዋል?" አላቸው ሐኪሙ።

"በሊዐ እየ" አሉት። በልቻለሁ ማለታቸው ነው።

ሐኪሙ መሣሪያውን አየ፣ እሳቸውን አየ። "አልበሉም" አለ በለሆሳስ። "ኪኒኑንስ ውጠዋል?"

"ውጫለሁ።"

ወደ እኔ ዞረ። ቁጣ አልነበረውም፤ የደከመ ሰው ቁጣ የለውም። "ይህን ኪኒን ውጦ ምግብ መተው አይቻልም። ስኳሩን ጎትቶ ያወርደዋል። ሰው ይሞታል።"

ያን ጊዜ ስለ ፕሮግራሜ ነገርኩት፤ ማታ ሁለት፣ ቀን ስድስት፣ የቤቱ ወንድ ካልቀመሰ የማይበሉ መሆናቸውን። እየሰማ ዓይኑን በእጁ አሸ። "እርስዎ እንዲህ ያለ መድኃኒት አይወስዱም፤ ቁርስ ቢተዉ ላይጎዱ ይችላሉ። አንዳንዱን ሰው ይረዳዋልም። ስድስት ሰዓት ላይ ለሁለት ሰው የሚበሉ ከሆነ ግን ልፋት ብቻ ነው። መጀመሪያ ያልኩዎትን ሞክረውታል?"

"አልሞከርኩትም።"

"እሱን ነበር ያልኩት" አለና ወደ ሌላ ሕመምተኛ ሄደ።

ከሰዓት በኋላ ወደ ቤት ወሰድናቸው። ባለቤቴ ከትምህርት ቤት በሩጫ መጥታለች፤ ሳታለቅስ ዓይኗ ቀልቷል። አልጋቸውን ለማንጠፍ ፍራሹን ስታነሣ ከአልጋው ሥር ከረጢት አየች። ጎትታ አወጣችው፤ ከባድ ነበር። ስትፈታው በጣም የደረቀ እንጀራ ነው፤ ድርቆሽ፣ ተቆራርሶ፣ በፀሐይ ደርቆ፣ በሥርዓት የተደረደረ። ከኋላው በቆርቆሮ ጣሳ በሶ አለ፣ ከጣሳው አጠገብ በጨርቅ የተቋጠረ ቆሎ። ባለቤቴ ከረጢቱን ጉልበቷ ላይ እንዳደረገች ወለሉ ላይ ተቀመጠች።

"ኣደ፣ እዚ እንታይ'ዩ?" አለቻቸው። ይኼ ምንድን ነው ነው ያለችው።

አማቴ ግድግዳውን ተደግፈው ቆመው ነበር። ልጃቸውን ሳይሆን እኔን አዩ። "የልጅቷ ነው" አሉ።

"የየቷ ልጅ?" አልኩ፤ ሞኝ ጥያቄ ነው። ቤቱ ውስጥ አንድ ልጅ ናት ያለችው።

"የልጅህ ነዋ። አንተ እያወቅክ ለምን አትነግረንም? እኔስ እሺ፣ አሮጊት ነኝ። ለሚስትህ አይነገርም?"

"ምኑን ነው የምነግራት?"

"እህሉ ማለቁን።"

ቀረብ ብዬ ክንዳቸውን ያዝኩ። አልጋቸው ላይ አስቀመጥኳቸውና ከፊታቸው ተንበረከኩ፤ ጉልበቴ ጮኸ። "ኣደይ፣ እህል አላለቀም። በእግዚአብሔር ስም እነግርዎታለሁ። ሐኪሙ ወፍረሃል ስላለኝ ነው። ለክብደት ብዬ ነው ቁርስ የተውኩት።"

"ጾም ነኝ ነው ያልከኝ።"

"አዎ፤ ግን..."

"በሃምሳው ጾም የለም፣ ወደይ። ይህን ልጅም ያውቃል።" እጃቸውን ራሴ ላይ አደረጉ። "ያኔ በከበባውም እኮ ሃምሳው ነበር። ጾም ነኝ አልኩህ፤ አንተ አመንከኝ። እኔ ግን አንተን እንዴት ልመንህ? የራሴ ውሸት አይደል እንዴ፣ አውቀዋለሁ።"

ባለቤቴ ነጠላዋን አፏ ላይ ያዘች። እሷም ያን ጊዜ ነው የሰማችው።

ያ ወቅት ተመለሰልኝ። ፋሲካ ደርሶ ማለፉን ያወቅነው በደወል ብቻ ነበር፤ ዶሮ የለ፣ ቅቤ የለ፣ የፍስክ ነገር የለ። ቀናቱ ከሁዳዴው አይለዩም ነበርና ሃምሳው መግባቱ ለእኔ ምንም አልነበረም። አንድ እንጀራ ገበታው መሀል ይቀመጣል። "እኔ ጾም ነኝ፣ እናንተ ብሉ" ይላሉ። ነጠላቸውን ተከናንበው ደጃፉ ላይ ይቀመጣሉ። ልጃችን እየበላች ጀርባቸውን ታያለች፤ እኔም አያለሁ፤ ከዚያ እቆርሳለሁ። አንድም ቀን የትኛው ጾም ነው ብዬ አልጠየቅኩም። ጽጌው፣ ቀኖናው፣ ሱባኤው፣ ሁሉም ለካ አንድ ጾም ነበር። ጎረቤቶቻችን ልክ ነበሩ፤ ቤቱ የቆመው በእሳቸው ጾም ነበር። እኔም የዚያ ጾም ሥጋ ነኝ። ለሐኪሙ በስንት መከራ ያገኘሁት ያልኩት ሥጋ፣ መከራው የእሳቸው ነበር።

ማልቀስ ፈልጌ ነበር፤ ደከመኝ። እዚያው ወለሉ ላይ ከባለቤቴ ጎን ተቀመጥኩ።

ከዚያ ተነሥቼ እጃቸውን ይዤ ጓዳ ወሰድኳቸው። የጤፉን ጆንያ ከፈትኩላቸው፤ የዘይቱን ጀሪካን አነቃነቅኩላቸው፤ ሽሮውን፣ ምስሩን አሳየኋቸው። እጃቸውን እስከ ክርናቸው ጤፉ ውስጥ ከተው ወደ ታች ፈለጉ። ላይ ላዩን ሞልቶ ከሥር ባዶ መሆኑን ሊያረጋግጡ ነው፤ እንዲያ ያለ ጆንያ ያዩ ሰው ናቸው። እጃቸውን አውጥተው በነጠላቸው ጠረጉ። "እግዚኣብሄር ይመስገን" አሉ። ይሁን እንጂ ድርቆሹን እንጣለው ስንል እሺ አላሉም። ግማሹን ባለቤቴ ፍርፍር አድርጋ ማታ አብረን በላነው፤ ግማሹ አሁንም አልጋቸው ሥር አለ። ማንም አይነካውም።

ክቡን ከስልኬ ላይ አጠፋሁት። ባልደረባዬ ሲጠይቀኝ "ለእኛ ቤት አልሆነም" አልኩት፤ ሌላ አላልኩም። ለሌላው ሰው ጤና ይሁን አይሁን ሐኪም ይናገር። እኔ ግን ገና ካንዱ ጾም ሳልድን ሌላ ጾም ውስጥ ገብቼ እንደነበር አውቃለሁ። አሁን የመጀመሪያውን፣ አታካቹን መንገድ ይዣለሁ። እንጀራውን እቀንሳለሁ፣ ሁለተኛውን ዳቦ አላዝም፤ አንዳንድ ቀን ይሳካል፣ አንዳንድ ቀን አይሳካም። ከሥራ ስወጣ ወደ እንዳ ኢየሱስ አቀበቱን በእግሬ እወጣለሁ። ተማሪዎች እያወሩ ጥለውኝ ያልፋሉ፤ እኔ መሀል ላይ ድንጋይ ላይ ተቀምጬ ትንፋሼን እሰበስባለሁ። ሚዛኑ ቸኩሎ አያውቅም፤ እኔም መቸኮል ትቻለሁ።

ጠዋት ጠዋት ከአማቴ ጋር ገበታ ላይ እቀመጣለሁ። ቶሎ እጎርሳለሁ፣ እንዲያዩኝ አድርጌ አላምጣለሁ፣ እውጣለሁ። ከዚያ ሰሃኑን ወደ እሳቸው አዞራለሁ። አንዳንድ ቀን ሥራ እንዳይረፍድብኝ በማሰብ "አንተ ሂድ ወደይ፣ በሊዐ እየ" ይሉኛል። አላምናቸውም። የጫማዬን ክር አስሬ፣ ቦርሳዬን ጭኔ ላይ አድርጌ፣ እስኪጎርሱና እስኪውጡ ድረስ ቁጭ እላለሁ። ብዙ ቀን ይረፍድብኛል።